ጎንደር ከየት ይጀምራል?

ባለፈው ዓመት በክረምቱ መግቢያ ከአዘዞ ወደ ላይ በሚወጣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ከፊቴ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጌሾ የሞሉትን ዘንቢል ጉልበታቸው ላይ አቅፈው፣ ረዳቱን «ጎንደር ስንት ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁት። አጠገባቸው የነበረው፣ ለትምህርት ከሌላ አካባቢ የመጣ መሆኑ ከአነጋገሩ የሚታወቅ ወጣት፣ በትሕትና «እማማ፣ አሁን ያለንበትስ ጎንደር አይደለም እንዴ?» አላቸው። «ኧረ ልጄ፣ ይህማ አዘዞ ነው፤ ጎንደር እላይ ነው» አሉና በአገጫቸው ወደ ሽቅቡ አመለከቱት። ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ካርታውን ከፈተ። እኔም ከኋላው ሆኜ ሳየው ማያው ላይ በጉልህ የተጻፈው «ጎንደር» የሚለው ስም ብቻ ነበር።

በአስተዳደር ወሰን ከሄድን እውነቱ ከተማሪው ጋር ነው። አዘዞ ከመሀል ከተማው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ቢርቅም በጎንደር ከተማ አስተዳደር ሥር ያለ ነው፤ ከእሱ አልፋ ወደ ደቡብ ካለችው ከጠዳ ጋር ተዳብሎም ከአራዳ፣ ከማራኪ፣ ከጃን ተከል፣ ከፋሲልና ከዞብል ጎን አንድ ክፍለ ከተማ ሆኗል። በዐፄ ቴዎድሮስ ስም የተሰየመው የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ያለው በአዘዞ በኩል ነው። በታሪክ ከሄድን ደግሞ የእናትየዋ አነጋገር የሚታረም ነገር የለበትም። ዐፄ ሱስንዮስ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩት፣ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ ከማድረጋቸው በፊት ነው። አዘዞ ጎንደር መናገሻ ሳትሆን ስሙ የተጠራ፣ የራሱ ገበያና የራሱ ደብር ያለው ቦታ ስለሆነ፣ ሰዎቹ አዘዞን በስሙ ጠርተው ጎንደርን ሌላ ቦታ አድርገው ማየታቸው ከከተማው አስተዳደር ወሰን የቀደመ ልማድ ነው።

በዚህ ጽሑፍ «መጤ» የሚለውን ቃል አልጠቀምበትም። ቃሉ በእኛ ዘመን ሰው ማግለያ ሆኗልና «እንግዳ» ወይም «አዲስ ነዋሪ» ማለቱን እመርጣለሁ። ነዋሪውና እንግዳው ጎንደርን የሚጠሩበት መንገድ የሚለያየው አንዱ አዋቂ ሌላው አላዋቂ ስለሆነ አይመስለኝም። እንግዳው «ጎንደር» ሲል አንድ የተከለለ ቦታ ይታየዋል። ለነዋሪው ግን ስሙ ራሱ በቆመበት ቦታ ልክ የሚሰፋና የሚጠብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቆሞ «ጎንደር» የሚል ሰው ከፎገራ እስከ ስሜን ተራሮች፣ ከጋይንት እስከ መተማ ያለውን ሁሉ ሊያጠቃልል ይችላል። ማክሰኝት ላይ የቆመ ሰው በዚያው ስም ከተማዋን ብቻ ይጠራል። አዘዞ ላይ ደግሞ ስሙ ይበልጥ ጠብቦ ግምቡ ያለበትን፣ ሸንተረሩ ላይ የተቀመጠውን አሮጌውን ከተማ ብቻ ያመለክታል። ፒያሳ ላይ ለቆመ ሰው ስሙ ከነጭራሹ አያስፈልግም።

ይህ የመጨረሻው ነገር አዲስ ነዋሪዎችን ያስገርማቸዋል። በመሀል ከተማው የሚኖር ሰው ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲገባ «ጎንደር» የሚለውን ስም ላያነሣው ይችላል። «ፒያሳ ልውጣ»፣ «አራዳ ወርጄ ልምጣ»፣ «ቀሃ አካባቢ ቤት ተከራየ» ይላል። ከገጠር የሚመጣው ገበሬም ቢሆን ጎንደርን በስሟ ከመጥራት ይልቅ «ከተማ» ይላታል፤ «ከተማ ወጥቼ ነበር» ሲል የትኛው ከተማ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል በተዘረጋ ሸንተረር የተቀመጠች በመሆኗ «መውጣት» እና «መውረድ» ለነዋሪው እንደ አቅጣጫ ጠቋሚ ናቸው። ልማዱ ሥር የሰደደ ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንት በሁለት ጉባኤ ሲለያዩ የተጠሩበት ስም እንኳ ላይ ቤትና ታች ቤት ነው። ሰሜንና ደቡብ ብሎ አቅጣጫ የሚነግር ጎንደሬ ጥቂት ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚለው ግን ሁሉም ነው።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ደግሞ የሚሳሳተው የሚያውቃቸውን ስሞች ሲሰማ ነው። በአዲስ አበባ አራዳና ፒያሳ እንደ አንድ ሰፈር ሁለት ስሞች ናቸው፤ የድሮው አራዳ የዛሬው ፒያሳ ነውና። በጎንደር ግን አራዳ ማለት ገበያው ነው፤ ፒያሳ ደግሞ ከግምቡ በላይ ያለው፣ ጣሊያን የሠራቸው ሕንፃዎች የሚታዩበት አደባባይና ዙሪያው ነው። አንድ ከአዲስ አበባ ለሥራ የተዛወረ ወዳጄ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ «ነገ በአራት ሰዓት አራዳ እንገናኝ» ያለውን ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ፒያሳ ላይ ቆሞ ጠብቆታል። ሰውየው በበኩሉ ሽንኩርትና ድንች በተደረደረበት የገበያ ጥግ ቆሞ እሱን ሲጠብቅ ነበር። ሁለቱም በየራሳቸው ከተማ ልማድ ትክክል ነበሩ፤ ቃሉ አንድ ሆኖ ቦታው መለያየቱን ግን ከሁለቱ አንዱም አላሰበውም።

ፒያሳ የሚለው ስም አመጣጥም ለዚህ ጉዳይ አስተማሪ ነው። ስሙ የጣሊያንኛ ነው። ጣሊያኖች ጎንደርን የአማራ ግዛታቸው መቀመጫ አድርገው ሲኒማውን፣ ፖስታ ቤቱንና ሌሎቹን ሕንፃዎች ሠሩ፤ በኅዳር 1934 ዓ.ም. በምሥራቅ አፍሪካ የቀረው የመጨረሻው ትልቅ ጦራቸው እጁን የሰጠውም እዚሁ ጎንደር ላይ ነው። ወራሪው ጥቂት ዓመታት ብቻ ቆይቶ ሄደ፤ የሰጠው ስም ግን ቀርቶ ዛሬ የጎንደሬው የራሱ ሆኗል። ስለዚህ እንግዳ የሚያመጣው ስም ሁሉ ባዕድ ሆኖ ይቀራል፣ የነዋሪው ስም ብቻ እውነተኛ ነው የሚለውን ክርክር አልቀበለውም። ስም በአፍ ላይ ሲውል ባለቤቱ ይለወጣል።

ያም ሆኖ ከከተማዋ ስሞች የሚበዙት ከደብርና ከመንግሥት ሥርዓት የተገኙ ናቸው። ጎንደሬ ቤቱን ሲያመለክት «ከልደታ ወረድ ብሎ»፣ «ባታ አጠገብ»፣ «ቁስቋም መንገድ» ይላል፤ ብዙ ጊዜ የቅዱሱ ስም ብቻ የሰፈሩን ስም ይተካል። አቡን ቤት ጳጳሱ፣ እጨጌ ቤት እጨጌው የሚቀመጡበት ሰፈር ስለነበር እንዲያ ተባለ። ግምቡ ፊት ለፊት ያለችው የጃን ተከል ዋርካ ዛሬ የክፍለ ከተማ ስም ሆናለች። ቤቶቹ ሲፈርሱና ሲሠሩ፣ ባለሥልጣኖቹ ሲሻሩና ሲሾሙ፣ ስሞቹ በየቦታቸው ቆይተዋል። በደርግ ጊዜ የተሰጡት የቀበሌ ቁጥሮች እንኳ ቀበሌዎቹ ከተዋሐዱና ከተለወጡ በኋላ እንደ ሰፈር ስም ቀርተዋል፤ «ቀበሌ አሥራ ስምንት» የሚለው ሰው ስለ አስተዳደር ሳይሆን ስለ ሰፈር ነው የሚያወራው። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ግን ቁጥሩን ሰምቶ የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ይፈልጋል።

ስም የሰጪው ማንነት ክብደት የሚኖረው ግን በወለቃ ነው። ወለቃ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጣ ብላ ያለች መንደር ናት። በጎንደር ዘመነ መንግሥት መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ በመወሰኑ፣ እስላምጌና ካይላ ሜዳ የተባሉ ሰፈሮች ነበሩ። እነዚህን ስሞች ያወጡት በሰፈሮቹ የኖሩት ሰዎች ራሳቸው አልነበሩም፤ ለይቶ ያሰፈራቸው ወገን ነው። ወለቃም በሸክላ ሥራዋና በአንጥረኞቿ የታወቀች የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች፤ አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል። መንደሯን የጎንደር ሰው ወለቃ ሲላት ለጎብኚ የተዘጋጀው አጠራር ግን «የፈላሻ መንደር» የሚል ነው። «ፈላሻ» ቤተ እስራኤሎች ራሳቸው የማይወዱት፣ አገር አልባነትን የሚያመለክት ቃል ነው። ባለቤቶቹ ሄደው የማይወዱት ስም ብቻ ለጎብኚ ማባበያ ሆኖ መቅረቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ወለቃ የሚለው የነዋሪው ስም ማንንም ሳያስቀይም ቦታውን በትክክል ይናገራልና።

ወደ ሰፊው «ጎንደር» ስንሄድ ጉዳዩ ከሰፈር አልፎ የመንግሥት አከላለል ይሆናል። በንጉሡ ዘመን ጠቅላይ ግዛቱ «በጌምድርና ስሜን» ይባል ነበር። በደርግ ዘመን የክፍለ ሀገሩ ስም በዋና ከተማው ስም ተተክቶ «ጎንደር» ሆነ፤ የከተማዋ ስም በሕግ ደረጃ የሰፊ አገር ስም የሆነው በዚህ ጊዜ ነው። በ1980 ዓ.ም. በወጣው አከላለል አገሩ ሰሜን ጎንደርና ደቡብ ጎንደር ተብሎ ተከፈለ፤ የሰሜኑ መቀመጫ ጎንደር ከተማ፣ የደቡቡ ደብረ ታቦር ሆነ። ይህ ክፍፍል በክልሉ ዘመንም በዞን ስም ቀጠለ። ከዚያ በ2010 ዓ.ም. የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ተከፈለ፤ ማዕከላዊ ጎንደር መቀመጫው ጎንደር ከተማ፣ ምዕራብ ጎንደር ገንዳ ውኃ ሲሆን፣ «ሰሜን ጎንደር» የሚለው ስም መቀመጫው ደባርቅ ወደሆነው ዞን ተዛወረ።

ውጤቱን በቅርበት ማየት ያስፈልጋል። ሰላሳ ዓመት ያህል «ሰሜን ጎንደር» ሲባል ጎንደር ከተማን ይጨምር ነበር። ዛሬ በዚያው ስም የሚጠራው ዞን ከጎንደር ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በራቀች ከተማ ይተዳደራል፤ ጎንደር ከተማም በውስጡ የለችም። ይሁንና ከአገሩ ርቀው የሚኖሩ ሰዎች፣ የድሮ ሰነድ የያዙ መሥሪያ ቤቶችና በርቀት የሚዘግቡ ጋዜጠኞች አሮጌውን ትርጉም እንደያዙ ናቸው። በወረቀት ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የትምህርት ማስረጃው «ሰሜን ጎንደር» የሚል፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ «ማዕከላዊ ጎንደር» የሚል፣ መታወቂያው «ጎንደር ከተማ» የሚል አንድ ወጣት ሦስቱንም ይዞ አንድ መሥሪያ ቤት ሲቀርብ፣ የትውልድ ቦታው ሦስት ሆኖበት «አስተካክለህ ና» ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ። ልጁ ከተወለደበት ቤት ወጥቶ የትም አልኖረም፤ ሦስት ጊዜ ስሙ የተለወጠው ቦታው ነው።

«ጎንደር ዙሪያ» የሚለው የወረዳ ስምም ለእንግዳ ወጥመድ አለው። «ዙሪያ» ሲባል የከተማ ዳርቻ፣ ባጃጅ የሚደርስበት ሰፈር ይመስላል። ወረዳው ግን መቀመጫው ከጎንደር ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ማክሰኝት ናት፤ ቀበሌዎቹም ብዙዎቹ ከዋናው መንገድ ገብተው ያሉ ናቸው። ከሌላ ክልል ተመድባ «ጎንደር ዙሪያ» የሚል የምደባ ደብዳቤ የያዘች አንዲት መምህርት፣ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ በታክሲ የምትመላለስ መስሏት ሦስት ወር ቅድሚያ ኪራይ መክፈሏን አጫውታኛለች። ትምህርት ቤቷ ከማክሰኝትም አልፎ በእግር የሚገባበት ነበር። የአገሩ ሰው ደብዳቤውን ቢያይ ወዲያውኑ «የትኛው ቀበሌ?» ብሎ ይጠይቃት ነበር። እሷን የጎዳት ጠያቂ ማጣቷ ነው።

ከሁሉ ግን የማስጨንቀኝ የዜናው አጠራር ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በክልሉ በነበረው ግጭት ምክንያት «በጎንደር» የሚሉ ርዕሶች በዝተዋል። ርዕሱን የሚያነብ ሰው ከተማዋ ትታየዋለች፤ ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ ግን ድርጊቱ የተፈጸመው በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ወረዳ ሆኖ ይገኛል። አዲስ አበባ የምትኖረው አክስቴ እንዲህ ያለ ዜና በሰማች ቁጥር ትደውላለች። «ልጄ፣ ደህና ናችሁ ወይ? በጎንደር ተኩስ ነው ይላሉ፤ ቤት ዝጉ፤ ልጆቹንም አታውጡ» ትላለች። እኛ በዚያ ሰዓት ቡና አፍልተን ጎረቤት ጠርተን ተቀምጠን ነው የምናገኘው። የሚከፋው ግን የተገላቢጦሹ ነው፤ በእርግጥ ከተማዋ ውስጥ ችግር በሆነ ዕለት «ደግሞ የሩቁ ይሆናል» ብላ ሳትደውል ትቀራለች። ስሙ ብዙ ጊዜ ስለሳታት ማመኑን ተወችው።

ይህ የቤተሰብ ጭንቀት ብቻ ቢሆን ባላነሣሁት ነበር። ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት ነው ማረፊያ የሚይዘው፤ አንድ የተምታታ ርዕስ ብዙ መኝታ ቤት ያሰርዛል። አስጎብኚው፣ ባጃጅ ነጂው፣ የባህል ልብስ ሸማኔውና ነጋዴው ሁሉ የዓመት ገቢያቸው ከጥር 11 ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ችግሩ የደረሰባቸው የሩቅ መንደር ሰዎች ላይ ያለው ነገር ነው። መንደራቸው በስሙ ስለማይጠራ ሐዘናቸው በከተማዋ ስም ተሸፍኖ ይቀራል። እርዳታ የሚያስብ ሰው ስልክ የሚደውለው ወደ ጎንደር ከተማ ነው፤ እነሱ ጋ የሚደርስ የለም። የወረዳውንና የቀበሌውን ስም መጻፍ ለጋዜጠኛው ሁለት ቃል መጨመር ነው፤ ለእነዚያ ሰዎች ግን መታወቅና አለመታወቅ ነው።

ይህን ስል ሰፊው «ጎንደር» ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። ከአገሩ ርቆ የሚኖር የደብረ ታቦር፣ የጋይንት ወይም የደባርቅ ልጅ «ጎንደሬ ነኝ» ሲል እውነቱን ነው። እዚያው አገሩ ሲገባ ግን «የጋይንት ሰው ነኝ»፣ «የወገራ ልጅ ነኝ»፣ «ደምብያ ነኝ» ይላል፤ በጎንደር ከተማ መሀል ቆሞ «ጎንደሬ ነኝ» ማለት ከፒያሳ ልጆች ጋር መምታታት ይሆንበታልና። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫን ሲያነሣ የተደሰተው የከተማዋ ነዋሪ ብቻ አልነበረም፤ ከመተማም ከደባርቅም ከአዲስ አበባም «ዐፄዎቹ» እያለ የጨፈረው ሁሉ በዚያ ቀን ጎንደሬ ነበር። ሰው በሰፊው ስም የሚገባበትና በጠባቡ ስም የሚለይበት ጊዜ አለው፤ ነዋሪው የትኛውን መቼ እንደሚጠቀም ሳይነገረው ያውቃል።

የጎብኚው ጎንደር ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ነው። በጉዞ ጽሑፎች፣ በእንግሊዝ አፈ ታሪክ ከሚነገርለት ከንጉሥ አርተር ቤተ መንግሥት ተወስዶ «የአፍሪካ ካሜሎት» የሚል ቅጽል ተሰጥቷታል፤ ይህን ስም ከአስጎብኚ በቀር በጎንደሬ አፍ ሰምቼው አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው «ፋሲል ግቢ፣ የጎንደር አካባቢ» በሚል ስም ነው። ምዝገባው 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቅጥር ውስጥ ካሉት ቤተ መንግሥቶች ሌላ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ ቁስቋምንና የጥምቀተ ባሕሩን ሕንፃ፣ ከዚያም አልፎ እንፍራዝ አጠገብ ያለውን ጉዛራንና ጣና ዳር ያለችውን ጎርጎራን ጭምር ይይዛል። ጎብኚው ይህን ሁሉ «ፋሲል ግምብ» ብሎ ጠቅልሎ ሲጠራ ነዋሪው ደግሞ በአጭሩ «ግምቡ» ይላል፤ በዚህ በአንዱ ሁለቱም አንድ ናቸው። «ግቢ» የሚለው ቃል ግን ያለያያል። ለተማሪ «ግቢ ነኝ» ማለት ዩኒቨርሲቲው ቅጥር ውስጥ ነኝ ማለት ሲሆን፣ ለአንድ የጎንደር አዛውንት ግቢ የነገሥታቱ ነው። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ማራኪ፣ ቴዎድሮስና ፋሲል በተባሉ ቅጥሮች ጭምር ስለተስፋፋ ተማሪው የራሱ የጎንደር ካርታ አለው፤ በዚያ ካርታ ላይ ማራኪ የከተማው እምብርት ነው፣ አቡን ቤት የሚባል ነገር ግን የለም።

ከተማዋ በፍጥነት ነው ያደገችው። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 112,249 የነበረው የነዋሪዋ ቁጥር በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 207,044 ደርሷል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን እድገት ማንም ከአዘዞ እስከ መሀል ከተማው በመንገዱ ግራና ቀኝ በተሠሩት ቤቶች ሊያየው ይችላል። አሁን የኮሪደር ልማቱ በዋና መንገዶች ዳር ያሉ አሮጌ ቤቶችን ሲያነሣ፣ ከቤቶቹ ጋር ስማቸውን ይዘው ይኖሩ የነበሩ ሰዎችም ወደ አዳዲስ መንደሮች ይዛወራሉ። እኔ የምፈራው ሕንፃው መለወጡን አይደለም፤ መንገዱ መስፋቱም ጥሩ ነው። የምፈራው በአዲሱ የመንገድ ምልክት ላይ «የእጨጌ ቤት» የሚለው ቀርቶ ቁጥርና የክፍለ ከተማ ስም ብቻ እንዳይጻፍ ነው። ሰፈሩን የሚያውቀው ነዋሪ ሌላ ቦታ ከሄደ፣ ምልክቱም ካልጻፈው፣ አዲስ ነዋሪ ስሙን ከማን ይሰማዋል? ክፍለ ከተማው ምልክቶቹን ከማስቀረጹ በፊት በየደብሩ ያሉ ሽማግሌዎችን ጠርቶ ስሞቹን ቢመዘግብ ሥራው ጥቂት ቀን የሚፈጅ ነው። የትምህርትና የሠራተኛ ምደባ የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶችም ከ«ጎንደር ዙሪያ» ቀጥለው የቀበሌውን ስም ቢጽፉ ያቺ መምህርት ሦስት ወር ኪራይ አትከስርም ነበር።

አዘዞን በተመለከተ ግን አንድ ለውጥ እያየሁ ነው። ጌሾ የያዙት እናት ልጆችና የልጅ ልጆች «ጎንደር ልሂድ» ማለቱን እየተዉት ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሲገቡ ረዳቱን የሚጠይቁት «ፒያሳ ስንት ነው?» ብለው ነው። ልክ መሀል ከተማው ውስጥ እንደሚኖር ሰው፣ የሚሄዱበትን ሰፈር እንጂ የከተማዋን ስም አያነሡም። ወሰኑን ከየትኛውም ዐዋጅ በተሻለ የሚያሳየኝ ይህ ነው። የጠዳ ሰዎች እስካሁን «ጎንደር» እያሉ ነው የሚሳፈሩት።